እሑድ ያልተነገረ ዜና

ሚኒባሴን የወሰዱት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሦስት ሆነው መጡ። አንደኛው ቁልፉን ጠየቀኝና ሰጠሁት። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ትንሽ ያዝ እንደሚያደርገው እንኳ ነገርኩት፤ ለምን እንደነገርኩት እስካሁን አላውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ከወልድያ ደሴ የተመላለስኩበት መኪና ከግቢዬ ወጥቶ በመርሳ አስፋልት ቁልቁል ሲሄድ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ባለቤቴ ደብሪቱ ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። እኔም አላለቀስኩም። ገብተን የተቀቀለ በቆሎ በላን።

ወሩ ነሐሴ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት። ታጣቂዎቹ ከተማችንን ከያዙ ሳምንት አልሞላም ነበር። መብራት የለም፤ ስልክ የለም፤ መንገዱ ተዘግቷል። ሹፌር ሰው መንገድ ሲዘጋበት ምን እንደሚሠራ አያውቅም። በረንዳው ላይ በርጩማ አውጥቼ ተቀመጥኩ፤ አጠገቤ አሮጌ የእጅ ራዲዮ አደረግኩ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ከዚያ በርጩማ የተነሳሁት ለመተኛትና ለሽንት ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ራዲዮኗ በአራት ባትሪ ድንጋይ ነው የምትሠራው። ድንጋዮቹ ሲደክሙ ፀሐይ ላይ አሰጣቸዋለሁ፤ ሞቅ ሲላቸው እንደገና ትንሽ ይናገራሉ። አንዱ ጣቢያ እዚህ ቦታ ተያዘ ይላል፤ ሌላው አልተያዘም ይላል። በመሃል የሌላው ዓለም መከራ ይገባል። ጎርፍ፣ በሽታ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ። ካቡል በሚባል ከተማ ሰዎች ከሚነሳ አውሮፕላን ላይ ተንጠልጥለው ወደቁ አሉ። ይህን ለደብሪቱ ነገርኳት፤ ድምፄ ግን ጣራው ያፈሳል ብዬ ከምነግራት ድምፅ አይለይም ነበር። እሷ የያዘችውን ጆግ አስቀምጣ ትንሽ አየችኝና፣ «ቁርስህ ቀዘቀዘ» አለችኝ።

ጎረቤቶች በአጥሩ በኩል ያልፋሉ፤ «ተፈራ፣ ዛሬ ምን አሉ?» ይላሉ። የሰማሁትን ሁሉ እነግራቸዋለሁ። አንድም አላስቀርም፤ አላሳምርም፤ ያለቁትን ሰዎች ቁጥር ሳይቀር። እነሱ ፊታቸው ጠቁሮ ይሄዳሉ፤ እኔ እዚያው ነኝ። ሆዴን አያመኝም፤ ልቤ አይመታም። አንዳንዴ ብቻ ቀኝ እግሬ ሳላስበው መሬቱን ሲጫን አገኘዋለሁ፤ ፍሬን እንደሚይዝ።

ወፍጮ ቤቱ ናፍጣ አጥቶ ስለቆመ ሴቶቹ ወደ ድንጋይ ወፍጮ ተመልሰዋል። ከእኛ ጓሮ አሮጌ ወፍጮ ነበረች። የጎረቤታችን የአያ አማን ልጅ ሉብና ማሽላዋን ተሸክማ ትመጣና ከደብሪቱ ጋር እየተፈራረቁ ይፈጫሉ። አያ አማን ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ቤታቸውን የያዘችው ይህች ልጅ ናት። አንድ ቀን ከጓሮ ሳቅ ሰማሁ። ሳቁ ረዥም ነው፤ ቆም ይልና እንደገና ይነሳል። ራዲዮኗ ላይ ስለ ተፈናቃዮች እየተወራ ስለነበር ድምፁን ከፍ አደረግኩ። ሳቁ አልቆመም።

ደብሪቱ ስትገባ ጠየቅኳት። «ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?»

«ሉብና ግማሽ ቀን ሙሉ ፈጭታ ያወጣችው ቂንጬ ነው። ዱቄት የሚባል የለውም።»

«በዚህ ጊዜ ይሳቃል?»

እጇ ላይ ያለውን ዱቄት አራገፈች። መዳፏ ውኃ ቋጥሯል። «በየትኛው ጊዜ ልሳቅ ታዲያ? ንገረኝና ያን ጊዜ እጠብቃለሁ» አለችኝ። አልተቆጣችም። እውነቷን የጠየቀች ነው የምትመስለው።

መስከረም እንዲህ አለፈ። ጥቅምት በገባ በሁለተኛው ሳምንት አያ አማን በአጥሩ በር መጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ከከተማው ጫፍ የፓፓያና የብርቱካን ማሳ አላቸው። በደጉ ጊዜ ፍሬያቸው በአይሱዙ ተጭኖ ደሴ ይገባል። ዘንድሮ ሰው የሚበላውን በልቶ የቀረው ዛፉ ሥር ወድቋል። እኔ ልነሳላቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝና ከበረንዳው ጠርዝ ተቀመጡ።

«እንዴት ከረምክ፣ ተፈራ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንቱስ?»

«አልሀምዱሊላህ።» ራዲዮኗን አዩዋት፤ ስለ ዜናው ግን አልጠየቁኝም። «የሉብናን ነገር ልነግርህ ነው የመጣሁ። የእጮኛዋ የሙጃሂድ ቤተሰብ ሰው ልከዋል። ሰርጉ ለነሐሴ ነበር የተቀጠረ፤ ታውቃለህ። ይዘግይ ተባብለን ነበር። አሁን እነሱም ምን እንጠብቃለን አሉ፤ እኔም ምን እንጠብቃለን አልኩ። ለጥቅምት ሃያ አንድ፣ እሑድ ቆርጠናል።»

«ያሳምርላችሁ።»

«አንተ ነህ የምትወስዳት ተባብለን ነበር።»

ነበር፤ እውነት ነው። ሉብና ትንሽ ልጅ ሳለች መኪናውን ግቢ ሳስገባ እየሮጠች ትመጣና ክላክሱን ካልነፋሁ ትል ነበር። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አስነፋት ነበር። ያኔ ነው ስታገቢ በክላክስ ከተማውን እያናወጥኩ እወስድሻለሁ ያልኳት። የሙሽራው አገር ከውርጌሳ ሳይደረስ ከአስፋልቱ ገባ ያለች መንደር ናት፤ በመኪና ግማሽ ሰዓት አትፈጅም።

«መኪና የለኝም፣ አያ አማን» አልኩ።

«መኪናውማ የለም። በእግራችን ነው የምንሄድ። አንተ ከፊት ሁን ነው የምልህ፤ መንገዱን ታውቀዋለህ።»

ሦስት ሰዓት በእግር ሄጄ ሰርግ ቤት ተቀምጬ ምን እንደምል ማሰብ ደከመኝ። ከውስጥ ደብሪቱ፣ «ይመጣል፣ አያ አማን፤ ሁለታችንም እንመጣለን» አለች።

ቅዳሜ፣ ከሰርጉ በፊት ያለው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ድንጋዮቹን ከፀሐይ አንስቼ ራዲዮኗን ከፈትኩ። ደሴ ተያዘች አሉ። ጣቢያ ቀየርኩ፤ አልተያዘችም፣ ውጊያው ቀጥሏል አሉ። ተመልሼ የመጀመሪያውን ሰማሁ። እንደኔ ብዙ የሰማ ሰው የትኛው እውነት እንደሆነ ከአነጋገሩ ያውቀዋል።

የአያ አማን የበኩር ልጅ ዓሪፍ ደሴ ነበር። አራዳ ላይ ጨርቅ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም፤ አባቱ ግን ደሴ ነው እኮ፣ ደሴ ደህና ነው እያሉ ነበር የሚያድሩት። ተነስቼ ጓሮ ሄድኩ። ደብሪቱ ለነገ የሚያዝ ሽምብራ ትቆላለች።

«ደሴ ተይዛለች» አልኳት።

ምጣዱን ከእሳቱ አወረደችው። «ለአያ አማን ነገርክ?» አለችኝ።

«ልሄድ ነው።»

«ዛሬ አትንገራቸው።»

«ልጃቸው እዚያ ነው።»

«ልጃቸው እዚያ ነው፤ ብትነግራቸው ሄደው አያወጡት። ነገ ማታ ትነግራቸዋለህ። አንድ ቀን ብቻ ያዘው፣ ተፈራ።»

ሁለት ወር ሙሉ የሰማሁትን ሁሉ ላገኘሁት ሁሉ ስናገር ኖሬ ያን ቀን ማታ አፌን ዘጋሁ። አንድ ሁለት ሰው በአጥሩ በኩል አልፎ ነበር፤ ድንጋዩ አልቋል አልኳቸው። የገረመኝ ማንም አጥብቆ አለመጠየቁ ነው።

እሑድ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳን። ደብሪቱ ዕለቱ ማርያም ናት ብላ በደጀ ሰላሙ በኩል ተሳልማ ደረሰችብን። ዘጠኝ ሰው ነን፤ ሙሽራዋ፣ አባቷ፣ አክስቷ፣ ሁለት ሚዜዎቿ፣ እኔና ደብሪቱ፣ ፓፓያ የጫነ አህያ የሚነዱ ሁለት ዘመዶች። ሉብና አዲስ ቀሚሷን በፌስታል ይዛዋለች፤ የለበሰችው የዘወትሯን ነው፤ በላዩ ላይ ነጭ ሻሽ ጣል አድርጋለች። ዘፈን የለም፤ ድቤ የለም። ከሩቅ ያየን ሰው ለቀብር የምንሄድ ነው የሚለን።

በማሽላው መሃል በእግር መንገዱ ወረድን። ማሽላው ከወገብ በላይ ደርሶ የሚጠብቀው ሰው አጥቶ ወፍ ይበላዋል። ከፊት ነበርኩ። መንገዱን በመኪና እንጂ በእግር ሄጄበት ስለማላውቅ ሁሉ ነገር ቦታውን የቀየረ መሰለኝ፤ ሁለት ደቂቃ የምትፈጅ ቁልቁለት ግማሽ ሰዓት ወሰደች። ደሴ ተያዘች የሚለው ቃል ሆዴ ውስጥ እንደ ድንጋይ ተቀምጧል። አያ አማን ከኋላዬ ቀስ እያሉ ዚክር ያደርጋሉ።

አስፋልቱን የምናቋርጥበት ቦታ ላይ ገመድ ተዘርግቷል። ሦስት ታጣቂዎች ከድልድዩ ግንብ ላይ ተቀምጠዋል። ወጣቶች ናቸው። አንደኛው ተነስቶ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀ።

«ሙሽራ ይዘን ነው» አልኩት።

ሉብናን አየ፤ አህያውን አየ፤ የደብሪቱን ሽምብራ አስፈትቶ አየ። «ሰርግ በእግር ነው እንዴ? መኪና የላችሁም?» አለ። ሊቀልድ ፈልጎ ይመስለኛል።

«መኪናው እናንተ ጋ ነው» አልኩት።

ከአፌ የወጣ ቃል ነው፤ አስቤ አልተናገርኩትም። ከኋላዬ የማንም እግር አልተንቀሳቀሰም። ደብሪቱ ጋቢዬን ከጀርባ ይዛ ጠበቅ አደረገችው። ልፈራ ይገባኝ ነበር፤ አልፈራሁም፤ ያ አለመፍራቴ ነው በኋላ ሳስበው ያስደነገጠኝ። ልጁ ለረዥም ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ከፍ አደረገልን። አያ አማን ከአህያው ላይ አንድ ፓፓያ አውርደው ሰጡት። በሁለት እጁ ተቀበላቸው።

አስፋልቱን ተሻግረን ወደ ወንዙ ወረድን። ወንዙን በድንጋይ በድንጋይ ስንሻገር ነው ሉብና ከኋላ የጠራችኝ።

«ጋሼ ተፈራ።»

«ወይ።»

«ክላክስ አይነፉም እንዴ?»

ዞሬ አየኋት። ቀሚሷን በፌስታል እንደያዘች ውኃው መሃል ድንጋይ ላይ ቆማለች። እየቀለደች አልነበረም፤ ፊቷ ኮስተር ብሏል። ዕዳ እንደምትጠይቅ ሰው ነው የምታየኝ።

«በምኔ ልንፋው?»

«በአፍዎት።»

አምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ሽማግሌዎችና ሴቶች ፊት ወንዝ ዳር ቆሜያለሁ። አፌን ሰብሰብ አድርጌ ነፋሁ። የመጀመሪያው እንደ ፍየል ሳል ያለ ነገር ሆኖ ወጣ። ሁለተኛው ተሻለ። ሦስተኛውን ረዥም አድርጌ፣ የእኔ ሚኒባስ መርሳ መናኸሪያ ሲገባ እንደሚለው፣ መጨረሻው ላይ ሁለቴ ቆረጥ ቆረጥ እያደረግኩ ለቀቅኩት። አህያው ጆሮውን አቆመ። አክስትየዋ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ሚዜዎቹ ሳቁ፤ አያ አማን ሳቁ፤ ደብሪቱ እንዳይሰማ አፏን ከድና እልል አለች፤ በእጅ የታፈነ እልልታ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። የቀረውን መንገድ በየመታጠፊያው እየነፋሁ ሄድኩ። ማርሽም እቀይር ነበር፤ ዳገት ላይ በአንደኛ፣ ሜዳ ላይ በሦስተኛ። እኔ አልሳቅኩም። ደስ ብሎኛል ብዬም አልምልም። ግን ከንፈሬ ደረቅ ብሎ መንቀጥቀጡን፣ ጉሮሮዬ መቃጠሉን አውቄዋለሁ፤ ከነሐሴ ወዲህ የገዛ አካሌ የተሰማኝ ያን ቀን ነው።

ሙሽራው ሙጃሂድ ከመንደሩ ጫፍ ድረስ ወጥቶ ተቀበለን። ቀጭን ልጅ ነው፤ የታላቅ ወንድሙን ኮት ለብሷል። ኒካሁ ታሰረ። ሉብና ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። ከብቱ ስላለቀ የታረደ ነገር የለም፤ ፓፓያ ተቆርጦ፣ ሽምብራ ቆሎና የማሽላ ቂጣ በማር ቀረበ። ወትሮ በሰርግ ለክርስቲያኑ ለብቻ ይታረዳል፣ ለብቻ ይቀርባል። ያን ቀን ሥጋ ስለሌለ ሁላችንም ከአንድ ትሪ በላን። አንድ ሽማግሌ ድቤውን በጣታቸው ጫፍ እየነኩ ቀስ ብለው መንዙማ አሉ፤ ሰዉ በጉሮሮው ነው የሚቀበለው። ደብሪቱ ማር የነካ ጣቷን ስትልስ አየኋት፤ እሷም እንዳየኋት አየችና ጣቷን አልደበቀችም። እኔ ከዋንዛው ሥር ጋደም አልኩ፤ እንቅልፍ ወሰደኝ። ራዲዮ ያልሰማሁበት ቀን መሆኑን ያወቅኩት ስነቃ ነው።

ስንመለስ ቀኑ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ሉብና ቀርታለች፤ አህያው ባዶውን ነው። አያ አማን ትንሽ አዘገሙ፤ እኔም ጠበቅኳቸው። ከዚህ በላይ መያዝ አልቻልኩም።

«አያ አማን፣ አንድ ነገር ልንገርዎት።»

«የደሴን ነው?»

ቆምኩ። እሳቸው አልቆሙም፤ በምርኩዛቸው እየተደገፉ ሄዱ።

«ትናንት ለዐሱር ስንሰግድ ከሐይቅ ከተማ በኩል የመጣ ሰው ነገረን። መስጊዱ ሙሉ ሰምቷል።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሉብና ናት አትንገሩት ያለች። ከነገርነው ራዲዮው ሥር ይቀመጣል፣ ነገ ይቀርብናል አለች።»

«እሷም ታውቃለች?»

«ከሁላችን ቀድማ ነው የሰማች። ስለ ወንድሟ ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ ጠዋት ፊቷን ታጠበች።»

ወንዙ መሃል ቆማ ክላክስ ንፉ ስትለኝ ያየኋት ፊት ታወሰኝ። ደብሪቱ ከፊት ከአክስትየዋ ጋር ነበረች። ሁሉም ያን ቃል ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የዋለው፤ ሽምብራውን ሲበላ፣ መንዙማውን ሲቀበል፣ በእኔ ሲስቅ። የአያ አማንን ጋቢ ተቀብዬ ያዝኩላቸው፤ ፀሐዩ ከብዷቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ አልተሻለም። ኅዳር ከጥቅምት የባሰ ነበር። ሽምብራው አለቀ፤ ከዚያ ፓፓያውን ጥሬውን እየቀቀልን በላን። መድኃኒት አጥተው የሞቱ ሰዎችን ቀበርን። ራዲዮኗን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ከፍቼ እዘጋታለሁ፤ ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ፊቱን አያለሁ። አንዳንዱን እነግረዋለሁ፤ አንዳንዱን ቁጭ በል፣ ውኃ ጠጣ እለዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ለደብሪቱ ወፍጮ እፈጭ ጀመር። እንደ ሉብና ቂንጬ ነው የማወጣው፤ ደብሪቱ ምንም አትልም፤ ዞር ብላ ግን ትስቃለች።

ታኅሣሥ ላይ ታጣቂዎቹ ወጡ። ሚኒባሴን ከውርጌሳ በታች ገደል አፋፍ ላይ ተቃጥሎ አገኘሁት። መሪውን ነካሁት፤ ጥላሸቱን በሱሪዬ ጠረግኩና ተመለስኩ። ዓሪፍ የመጣው ጥር ላይ ነው። ከጭነት መኪና ላይ ወርዶ በአባቱ ደጃፍ ቆመ፤ ሸሚዙ ከትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ የሰቀሉት ነው የሚመስለው። አያ አማን አቅፈውት ቀኑን ሙሉ ዱዓ ሲያደርጉ ዋሉ። እሱ ግን አይናገርም። ምን እንዳየ ቢጠይቁት፣ የት እንደነበረ ቢጠይቁት፣ ደህና ነኝ ይላል። በልቶ ዝም፤ ተኝቶ ዝም።

አንድ ቀን አያ አማን እጁን ይዘው አመጡልኝ። «አንተ ጋ ይቀመጥ» አሉኝ። «እኔ ሳየው አለቅሳለሁ፤ እሱ ደግሞ ያን አይወድም።»

በርጩማ አወጣሁለት። እንዲህ ተቀምጠን ሳምንታት አለፉ። አልጠየቅኩትም። መቀመጥ እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ።

የካቲት መጨረሻ ላይ መብራት ተመልሶ ነበርና መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ቴሌቪዥኑን ከፈተ። ዓሪፍን ይዤው ሄድኩ። ሻይ አዘዝን። ቴሌቪዥኑ ላይ ሩቅ አገር አዲስ ጦርነት ተነስቷል፤ በረዶ ላይ ልጆች ታቅፈው የሚሄዱ ሴቶች፣ የተመታ ፎቅ። ሻይ ቤቱ በሙሉ ቀና ብሎ ያያል። የዓሪፍን እጅ አየሁ፤ ብርጭቆውን ጨብጦ እንደያዘ ቀርቷል፤ ሻዩ እየቀዘቀዘ ነው።

«ተነስ፣ እንሂድ» አልኩት።

«ወዴት?»

«እንጃ። ተነስ።»

ከአስፋልቱ ወርደን በአባቱ ማሳ በኩል ሄድን። የመስኖው ቦይ ውኃ ተለቆበታል፤ ለሽንኩርቱ ነው። ጫማዬን አወለቅኩ፤ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰበሰብኩና ቦዩ ዳር ተቀምጬ እግሬን ነከርኩ። ዓሪፍ ትንሽ ቆሞ አየኝ። ከዚያ እሱም ጫማውን ፈትቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ውኃው ከተራራው የመጣ ነው።

ቆይቶ፣ «ይቀዘቅዛል» አለ።

«ይቀዘቅዛል» አልኩት።

እግሩን አላወጣም። ጭቃውን በጣቶቹ መሃል እያስገባ፣ እያወጣ፣ ጀምበር ወደ ተራራው እስክትጠጋ ቆየን።